የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ የመክፈቻ ቀዳዳዎች

ኦልድ ኮርስ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሴንት አንድሩስ ከተማ የሚገኝ ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 የሜዳው ቀዳዳዎች ከ22 ወደ 18 ተቀንሰዋል፤ ይህ ቁጥር በኋላ የዓለም ጎልፍ መለኪያ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀዳዳዎች በርን፣ ዳይክ እና ካርትጌት ይባላሉ። ሦስቱም ፓር 4 ናቸው፤ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች እያንዳንዱን በ4 ምት እንዲጨርስ ይጠበቃል። ሲያዩአቸው ሰፊና ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን ኳሱን ከአደጋ የሚያርቀው ምት ብዙ ጊዜ የሚቀጥለውን ምት ያከብዳል።

የሜዳው ክፍሎች

ኳሱ መጀመሪያ የሚመታበት ቦታ መነሻ፣ ሣሩ አጥሮ የተቆረጠው መሄጃ ፌርዌይ፣ ቀዳዳው ያለበት እጅግ የለሰለሰ ሣር ደግሞ ግሪን ይባላል። ባንከር በአሸዋ የተሞላ ጉድጓድ ነው። የኦልድ ኮርስ ባንከሮች ከ100 በላይ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ትንንሽና ጥልቅ ስለሆኑ ከሩቅ አይታዩም።

1ኛ ቀዳዳ፦ በርን

ርዝመቱ ወደ 340 ሜትር ነው። ፌርዌዩ ከ18ኛው ቀዳዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የሁለቱ ስፋት አንድ ላይ ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ አንድም ባንከር የለበትም። በቀኝ በኩል ግን የሜዳው ወሰን አለ። ኳሱ ከወሰኑ ከወጣ ተጫዋቹ አንድ የቅጣት ምት ተቆጥሮበት ከነበረበት ቦታ እንደገና ይመታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምት ከመሃል ወደ ግራ ማድረግ ይመረጣል።

ዋናው ፈተና ሁለተኛው ምት ነው። በስኮትላንዶች አነጋገር በርን ማለት ጅረት ሲሆን፣ ስዊልካን የተባለው ጅረት ከግሪኑ ፊት ለፊት፣ ከጠርዙ ሥር ያልፋል። ኳሱ ጥቂት ካጠረ ውኃ ውስጥ ይገባል። በመሆኑም ከቀዳዳው ለማሳለፍ አስቦ መምታት ይሻላል፤ ከቀዳዳው ኋላ የቀረ ኳስ ረጅም የመመለሻ ምት ቢጠይቅም ቅጣት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ሜዳ በተካሄደው 150ኛው የዘ ኦፕን ውድድር ታይገር ዉድስ በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ምቱ ጅረቱ ውስጥ ገብቶበት ቀዳዳውን በ6 ምት ጨርሷል።

2ኛ ቀዳዳ፦ ዳይክ

ለታላላቅ ውድድሮች ርዝመቱ ወደ 410 ሜትር ይደርሳል። በቀኝ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ በግራ ቺፕስ የተባለ ባንከር አለ፤ የመጀመሪያው ምት በሁለቱ መካከል ማለፍ አለበት። ግሪኑ ከ16ኛው ቀዳዳ ጋር የጋራ ነው። በኦልድ ኮርስ እንዲህ ያሉ ሰባት የጋራ ግሪኖች አሉ፤ ግሪን የሚጋሩት ቀዳዳዎች ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይሆናል። በ2ኛው ነጭ፣ በ16ኛው ቀይ ባንዲራ ስለሚተከል ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት ቀለሙን ማየት ይገባዋል። ኳሱ ግሪኑ ላይ ቢያርፍም በተሳሳተው ወገን ከሆነ በጉብታዎች ላይ በጣም ረጅም መንገድ ማንከባለል ይቀራል።

3ኛ ቀዳዳ፦ ካርትጌት

ርዝመቱ ወደ 360 ሜትር ነው። በፌርዌዩ ቀኝ ትንንሽ ባንከሮች ስላሉ ብዙዎች ወደ ግራ መምታትን ይመርጣሉ። ይሁንና ካርትጌት የተባለው ትልቅ ባንከር በግሪኑ ግራ ተደቅኗል፤ ከግራ የሚመጣ ኳስ በላዩ መብረር ግድ ይሆንበታል። በመጀመሪያው ምት በስተቀኝ የደፈረ ግን ወደ ግሪኑ ክፍት መንገድ ያገኛል።

ነፋስና መሬት

ሜዳው ከባሕሩ አጠገብ ስለሆነ ነፋሱ በአንድ ቀን ውስጥ አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። መሬቱ አሸዋማና ጠንካራ በመሆኑ ኳሱ ካረፈ በኋላም ብዙ ይንከባለላል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀዳዳ ኳሱን ዝቅ አድርጎ መምታትና ከግሪኑ በፊት አሳርፎ እንዲንከባለል መተው ይቻላል። በ1ኛው ቀዳዳ ግን ጅረቱ ስላለ ኳሱ የግድ በአየር መሻገር አለበት።

ጥንቃቄ

የ1ኛውንና የ18ኛውን ፌርዌይ አቋርጦ የሚያልፍ የሕዝብ መንገድ አለ፤ ተጫዋቾች መንገደኛ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ኳስ ወደ ሰው ከሄደ «ፎር!» ብሎ በኃይል መጮኽ ግዴታ ነው። ኦልድ ኮርስ የሕዝብ ሜዳ ሲሆን፣ ከጥቂት ውድድሮች በቀር እሑድ ለጎልፍ ዝግ ሆኖ ለእግረኞች መናፈሻ ይሆናል።