ደም የሚመሰክረው ጭንቀት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ጭንቀትን በተመለከተ ግን አፍ ቢደብቅም ደም እንደሚናገር ከታወቀ ቆይቷል። ዛሬ የማነሳው ታሪክ አንዱ ምዕራፉ የተጻፈው ብዙ ወገኖቻችን ከሚመላለሱበት ከክሊቭላንድ አቬኑ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ኮሎምበስ በሚገኘው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሐንስ ሴልዬ ሰውነት ለጭንቀት የሚሰጠውን ምላሽ እ.ኤ.አ. በ1936 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ገለጹ። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጯቸውን ሆርሞኖች ያጠኑት ኬንዳል፣ ራይክስታይንና ሄንች ደግሞ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከነዚህ ሆርሞኖች አንዱ ኮርቲሶል ነው። አስቸጋሪው ነገር መለካቱ ነበር፤ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው በማይክሮግራም የሚቆጠር ነውና።

ቁልፉ የተገኘው በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ በጦር ጡረተኞች ሆስፒታል ነው። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንሱሊንን ለመለካት አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ራዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበት ሆርሞንና የታካሚው ሆርሞን አንድን ፀረ እንግዳ አካል ይሻማሉ። የታካሚው በበዛ ቁጥር ምልክት ያለው ቦታ ያጣል፤ ተጣብቆ ከቀረው ጨረር መጠኑ ይሰላል። ዘዴው ኋላ ለሌሎች ሆርሞኖችም ዋለ። በርሰን በ1972 በማረፋቸው የ1977ቱን ኖቤል ለማየት የበቁት ያሎው ብቻ ናቸው።

ወደ ኮሎምበስ እንመለስ። ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባለቤታቸው ሮናልድ ግሌዘር 90 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን ለ24 ሰዓት በሆስፒታል አቆይተው፣ በማይስማሙባቸው ጉዳዮች ላይ እንዲወያዩ አደረጉ። መርፌ ራሱ ስለሚያስደነግጥ ደሙ የሚቀዳው አስቀድሞ ክንድ ላይ በተተከለ ቀጭን ቱቦ ነበር። በ2003 በታተመው ውጤት፣ ከዓመታት በኋላ የተፋቱት ጥንዶች አድሬናሊን በዚያ ውይይት ጊዜ በትዳር ከጸኑት በ34 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እነዚያ ጥንዶች ጤነኞችና አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፤ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ሲሠራ የሚያነጋ ስደተኛ ታሪክ ከእነሱ ደም አይነበብም። ኮርቲሶል ማለዳ ከፍ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ይህም ሌሊት ለሚተኛ ሰው ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ አገር ቤት ደውሎ ክፉ ወሬ ሰምቶ፣ ጠዋት ደሙን የሚሰጥ ወገናችን የሚለካው ግን በዚያው ሚዛን ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሥራ ሰዓቱን ካልጠየቀ ቁጥሩ ያሳስታል፤ ታካሚውም ሳይጠየቅ መናገር ይገባዋል።

መሐንዲስ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደተለካ ያልተነገረ ልኬት ልኬት አይደለም። ትክክለኛ በሆነ ጊዜም ቢሆን ቁጥሩ «ምን ያህል» ይላል እንጂ «ለምን» አይልም። «ጭንቀት የፈረንጅ በሽታ ነው» እያልን ያለፍነውን ጥያቄ መጠየቅ፣ «ለምን» የሚለውንም መመለስ የኛ የተማርነው ድርሻ ነው።

ቸር ይግጠመን።