«የነጂዎች ግጭት»፦ የሊቀ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም እትም ሲለወጥ የሚነሣው ችግር ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

1. መግቢያ

ስለ ኮምፒዩተር ሥራ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ውሎ አድሮ የሚገጥመው አንድ ሐረግ አለ፤ በቁሙ ሲተረጎም «የነጂዎች ግጭት» ይሆናል። ይህን ሐረግ ያለ ማብራሪያ የሰማ ሰው ቀድሞ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው መንገድ ላይ የተላተሙ ሁለት መኪናዎች ናቸው። ሐረጉ ግን የሚነገረው መንገድም መኪናም በሌለበት፣ ይኸውም የአንድ ሰርቨር ዋና ፕሮግራም ከአሮጌ ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር ሥራው መካከል ላይ ሲቆም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ችግር ታሪክ ባጭሩ መመርመርና «ግጭት» የሚለው ቃል ነገሩን በትክክል ይገልጸው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ጥያቄው የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ስም ሠራተኛውን ወደተሳሳተ ስፍራ ይመራዋል፤ ከዚህ በታች እንደሚታየውም በዚህ ሥራ ላይ የተሳሳተ እርምጃ ወደኋላ የማይመለስበት ጊዜ አለ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ከተቆጣጣሪ ወደ ሊቀ ተቆጣጣሪ

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው፣ የማስታወሻውን ቦታና የሥራውን ጊዜ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም በ1960ዎቹ በእንግሊዝኛ «ሱፐርቫይዘር» ይባል ነበር፤ «ተቆጣጣሪ» ማለት ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ በነበረው የአይ.ቢ.ኤም. የሳይንስ ማእከል እነ ሮበርት ክሪሲ በ1964 የጀመሩትና በጥር 1967 በሥራ ላይ የዋለው ሲፒ-40 የተባለው ፕሮግራም ግን ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሥራ ሠራ። ማሽኑን ለብዙ ተጠቃሚዎች ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የጊዜ ድርሻ በመስጠት ብቻ ሳይወሰን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ኮምፒዩተር የሰጠው አስመስሎ አቀረበለት። ስለዚህም በእያንዳንዱ ምስለ ኮምፒዩተር ውስጥ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ሊሠራ ቻለ። ሐሳቡ በ1972 ቪኤም/370 በሚል ስም ለደንበኞች ቀረበ።

ተቆጣጣሪዎችን ለሚቆጣጠረው ለዚህ ፕሮግራም የተገኘው ስም «ሃይፐርቫይዘር» ነው። የስያሜው አሠራር ለቃላት ተመራማሪ ትኩረት የሚገባው ነው። የላቲኑ «ሱፐር»ና የግሪኩ «ሃይፐር» ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ፣ ትርጉማቸውም «በላይ» የሆነ ወንድማማች ቃላት ናቸው። ስም አውጪዎቹ አዲስ ሐሳብ ለመግለጽ አዲስ ቃል አልፈጠሩም፤ ከላቲኑ በላይ አንድ ደረጃ ለመውጣት የግሪኩን ወንድሙን ጠሩት።

በአማርኛ ይህን ደረጃ ለመግለጽ ከግእዝ የወረስነው «ሊቀ» አለ። ካህን ሲል ሊቀ ካህናት፣ ጳጳስ ሲል ሊቀ ጳጳሳት እንደሚባለው ሁሉ፣ ተቆጣጣሪ ካለ በላዩ ያለው ሊቀ ተቆጣጣሪ ሊባል ይችላል። በግእዙ ሥርዓት ሁለተኛው ቃል ብዙ ቁጥር መሆን ይገባዋል የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን «ሊቀ መንበር» በነጠላ ቁጥር ተለምዷል፤ «ሊቀ ተቆጣጣሪዎች» ቢባልም ስንት ፕሮግራሞች እንደተባሉ አንባቢው ሊጠራጠር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ነጠላው ተመርጧል።

ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ በ1974 ባሳተሙት ጥናት አንድ ፕሮግራም ለዚህ ማዕረግ እንዲበቃ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ወሰኑ። በመጀመሪያ፣ በምስለ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም በእውነተኛው ማሽን ላይ የሚያገኘውን ውጤት ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ትእዛዝ ያለ አማላጅ በማሽኑ በቀጥታ መፈጸም አለበት። ሦስተኛ፣ የማሽኑ ሀብት ሁሉ በሊቀ ተቆጣጣሪው እጅ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው አስተዳደር «ምስለኔ» ይባል የነበረው ሹም በገዥው ስፍራ ሆኖ የሚያስተዳድር ሲሆን፣ ስሙም «እንደ እኔ» ተብሎ ይተረጎማል። ባላገሩ በምስለኔው ፊት ሲቆም በገዥው ፊት እንደቆመ ይቆጠር ነበር። «ምስለ ኮምፒዩተር» የሚለውን ስያሜ የመረጥነው በዚሁ አግባብ ነው።

3. ነጂውና የሚኖርበት ቤት

ሊቀ ተቆጣጣሪው በኔትዎርክ ካርድና በዲስክ መቆጣጠሪያ ላይ ሥልጣን ይኑረው እንጂ የእያንዳንዱን መሣሪያ ጠባይ ራሱ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው «ነጂ» የተባለው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። «ነዳ» በአማርኛ አስቀድሞ የከብት፣ በኋላም የመኪና ግስ ሆነ፤ የእንግሊዝኛው አቻውም በዚሁ መንገድ ተጉዞ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። «ሾፌር» ግን ለዚህ አይስማማም፤ የፈረንሳይኛው ቃል ከመነሻው እሳት አንዳጅ ማለት ሲሆን፣ በእኛም ዘንድ ከመኪና ውጭ አልወጣም። ስለዚህ «ነጂ» የሚለው ስያሜ ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ነጂው የት ይኑር በሚለው ጥያቄ ነው። በ2003 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ዜን፣ በ2008 የወጣው የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪም እንደዚሁ፣ ነጂዎቹን ልዩ መብት በተሰጠው በአንድ እንግዳ ሥርዓተ ክወና ውስጥ አኖሩ። በ2007 ወደ ሊኑክስ የገባው ኬቪኤም ሊኑክስን ራሱን ሊቀ ተቆጣጣሪ ስላደረገው በሊኑክስ ነጂዎች በቀጥታ ተጠቀመ።

በ1998 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ቪኤምዌር ግን የተለየ መንገድ ያዘ። በዚያን ጊዜ በብዛት የሚሸጡት የኢንቴል ማእከላዊ ክፍሎች የፖፔክንና የጎልድበርግን ቅድመ ሁኔታ አያሟሉም ነበር፤ በ2000 የቀረበ አንድ ጥናት በፔንትየም ላይ ችግር የሚፈጥሩ 17 ትእዛዞችን ቆጥሯል። ኩባንያው መሰናክሉን ያለፈው በትርጉም ነው፤ አደገኛዎቹን ትእዛዞች ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ጉዳት ወደሌላቸው ትእዛዞች ይለውጣቸው ነበር። በ2001 ባወጣው ኢኤስኤክስ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ የራሱን አስኳል ሠራ።

የራሱ አስኳል ያለው ሁሉ የራሱ ነጂዎች ያስፈልጉታል። የመሣሪያው ዓይነት እጅግ ብዙ ስለሆነ ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ አድካሚ ነው፤ ለሊኑክስ የተጻፉ ነጂዎች ግን ሞልተዋል። ስለዚህ ቪኤምኬሊኑክስ የሚባል መካከለኛ ክፍል ተሠራ። ለሊኑክስ የተጻፈው ነጂ ሊኑክስን የሚያነጋግር እየመሰለው ጥያቄውን ሲያቀርብ፣ መካከለኛው ክፍል ጥያቄውን ተቀብሎ በኢኤስኤክስ አስኳል ቋንቋ ያስተላልፈዋል፤ መልሱንም በሊኑክስ አነጋገር ይመልስለታል። ይህ የአስተርጓሚ ሥራ ነው።

4. አስተርጓሚው ሲሰናበት

አስተርጓሚ ባለበት ሁሉ መዘግየት አለ፤ አስተርጓሚው የቱ ወገን ነው የሚል ጥያቄም ይነሣል። ሁለተኛው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ክሪስቶፍ ሄልቪግ የተባሉት የሊኑክስ ጸሐፊ የሊኑክስ ፈቃድ ተጥሷል በማለት በ2015 በጀርመን በሐምቡርግ ከተማ ኩባንያውን ከሰሱ። ክሱ በ2016 ውድቅ ሆነ፤ ይግባኙም በየካቲት 2019 ተቀባይነት አላገኘም። ውሳኔው ያረፈው ከሳሹ የትኛው የጽሑፍ ክፍል የእርሳቸው እንደሆነ በበቂ አላስረዱም በሚለው ነጥብ ላይ ስለነበረ፣ አስተርጓሚውና አስኳሉ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው ዋና ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ።

ኩባንያው አስተርጓሚውን የመተካት ሥራ አስቀድሞ ጀምሮ ነበር። በ2013 በወጣው በኢኤስኤክስአይ 5.5 የአስኳሉን ቋንቋ በቀጥታ የሚናገሩ «ተወላጅ» ነጂዎች ገቡ። ስማቸውም ምልክት ነበረው፤ «ቲጂ3» የነበረው «ኤንቲጂ3»፣ «አይጂቢ» የነበረው «አይጂቢኤን» ሆነ፤ አንድ ፊደል አንዴ በፊት አንዴ በኋላ እየተቀጠለ የትውልድ ማስረጃ ሆኖ አገለገለ። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ኖሩ። በ2018 የወጣው 6.7 አስተርጓሚውን የያዘ የመጨረሻው ዋና እትም ሆነ፤ በ2020 በወጣው በ7.0 አስተርጓሚው ፈጽሞ ተሰናበተ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ከ6.7 ወደ 7.0 ለመሸጋገር ሲሞክሩ ሥራው ተቋረጠባቸው። የሚታየው መልእክት በይዘቱ እንዲህ የሚል ነው፦ ይህ ጥቅል አንድ የነጂ መገናኛ ውል ያስፈልገዋል፤ ውሉ ግን በአዲሱ ስብስብ ውስጥ አይገኝም። አንባቢው እንደሚያስተውለው እዚህ ላይ የተጋጨ ነጂ የለም። ነጂው በስፍራው አለ፤ መሣሪያውም ጤነኛ ነው። የጠፋው ሁለቱን ወገኖች ያገናኝ የነበረው አስተርጓሚ ነው። «ግጭት» የሚለውን ትርጉም ያነበበ ሠራተኛ ግን የሚጋጩ ሁለት ነገሮችን ፍለጋ ካርዶችን ሲነቅልና ሲተክል ጊዜውን ሊያባክን ይችላል።

5. በአንድ ስም የተጠሩ ሦስት ችግሮች

ነገሩን ለይቶ ለተመለከተው፣ በዘልማድ «የነጂዎች ግጭት» የሚባሉት ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

ሀ. የይገባኛል ክርክር። እያንዳንዱ መሣሪያ የሠሪውንና የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ለምሳሌ የኢንቴል መለያ 8086 ሲሆን፣ ይህም በ1978 የወጣው የታወቀው ማእከላዊ ክፍሉ ስም ነው። ሁለት ነጂዎች አንዱን ቁጥር የእኔ ነው ሲሉ ክርክር ይነሣል። በ5.5ና በ6.7 መካከል በነበሩት እትሞች አሮጌውና ተወላጁ ነጂ አብረው ሲገኙ ቅድሚያው ለተወላጁ ነበር። ሠራተኛው አሮጌውን ቢመርጥ ተወላጁን በትእዛዝ ማገድ ይችል ነበር፤ በ6.5 አዲሱ የሳታ ዲስክ ነጂ ዘገየብን ያሉ ሰዎች ይህን አድርገዋል። መፍትሔው ባለ መብቱን ለይቶ ሌላውን ማገድ ነው።

ለ. የጥገኝነት ጉድለት። አንዱ ጥቅል የሚደገፍበት ነገር ሲታጣ የሚደርስ ችግር ነው፤ ከላይ የተመለከትነው የ7.0 ታሪክ ይህ ነው። መፍትሔው ከሽግግሩ በፊት በመሣሪያው መለያ ቁጥር በአዲሱ እትም ተወላጅ ነጂ እንዳለው ማረጋገጥ ነው። ካለው አሮጌውን ጥቅል አስወግዶ መቀጠል ይቻላል። ከሌለው ግን ያለው ምርጫ መሣሪያውን መለወጥ ወይም በአሮጌው እትም መቆየት ነው። አሮጌውን ጥቅል አስወግዶ ብቻ መቀጠል መልእክቱን ዝም ያሰኘዋል፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ግን ኔትዎርኩን ወይም ዲስኩን ሊያጣ ይችላል።

ሐ. የታወጀ አለመስማማት። በእያንዳንዱ ጥቅል መግለጫ ውስጥ «የሚደገፍበት»፣ «የሚተካው»፣ «የሚያቀርበው»ና «የማይስማማው» የሚሉ መስኮች አሉ። አንዱ ጥቅል በመጨረሻው መስክ ሌላውን ከጠራ ሁለቱ በአንድ ሰርቨር ላይ አብረው አይኖሩም። በእንግሊዝኛው «ግጭት» ተብሎ የተጻፈው ቃል በትክክል የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን ማስወገድ፣ ወይም የሰርቨሩ ሠሪ ተስማሚ ነጂዎችን መርጦ ያዘጋጀውን ስብስብ መጠቀም ነው።

ሦስቱን ለይቶ ማወቅ በ7.0 ይበልጥ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በቀድሞዎቹ እትሞች ሰርቨሩ አሮጌውን እትም በሁለተኛ ማኅደር ያስቀምጥ ስለነበር፣ ሽግግሩ ሳይሰምር ሲቀር በማስነሻው ጊዜ ወደ አሮጌው መመለስ ይቻል ነበር። ከ6.5 ወይም ከ6.7 ወደ 7.0 ሲታለፍ ግን የማስነሻ ዲስኩ አከፋፈል እንደ አዲስ ስለሚሠራ፣ ወደነበረበት መመለስ የሚቻለው ሁሉንም እንደገና በመትከል ነው። ስለሆነም አስተዋይ ሠራተኛ ትእዛዙን አስቀድሞ በሙከራ መልክ ይሰጣል፤ ፕሮግራሙም ምንም ሳይለውጥ የትኛው ጥቅል እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚያደናቅፍ ይዘረዝርለታል። የዝርዝሩ ቃላት በትክክል ካልተተረጎሙ ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል።

6. የስያሜ ሐሳብና መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተለው ሐሳብ ለውይይት ቀርቧል። ሁለት ነጂዎች በአንድ መሣሪያ ላይ ሲከራከሩ «የይገባኛል ክርክር» ይባል፤ ቃሉ ከርስት ሙግት የታወቀ ስለሆነ ማብራሪያ አይሻም፤ ሙግቱ ባለ መብቱን በመለየት እንደሚያልቅም በራሱ ይናገራል። የድጋፍ መታጣት «የጥገኝነት ጉድለት» ይባል፤ የሰማው ሰው የጎደለውን እንጂ የተጋጨውን አይፈልግም። በመግለጫው የተጻፈው ደግሞ «የታወጀ አለመስማማት» ይባል። «ግጭት» ለመንገዱ ይቆይ።

የእንግሊዝኛው ቃል ሦስቱን በአንድ ስም መጥራቱ ተርጓሚውን በአንድ ስም እንዲወሰን አያስገድደውም። ችግሩም በ2020 አላበቃም፤ በ2022 የወጣው 8.0 ሌሎች ያረጁ መሣሪያዎችን ከሚደግፋቸው ዝርዝር አስወጥቷል፤ ወደፊት የሚወጡትም እንዲሁ ማድረጋቸው አይቀርም። ተርጓሚ የራሱ ሥራ የአስተርጓሚ ሥራ እንደመሆኑ፣ የዚህን ታሪክ ፍሬ ነገር ለመረዳት ከማንም የቀረበ ነው፦ አስተርጓሚው የተነሣበት ጉባኤ ሁለቱ ወገኖች ባይጣሉም መነጋገር አይችልም። ለዚያ ዝምታ የሚሰጠው ስም ጠብ ሳይሆን ጉድለት መሆን ይገባዋል።