ከለገሃር እስከ ለጋሲዮን፤ ባቡራችን በማን ገንዘብ ሄደ?

በከተማችን በአዲስ አበባ ከፈረንሳይኛ መጥተው በእኛ አፍ የተላመዱ ሁለት የሰፈር ስሞች አሉ። አንደኛው ለገሃር ነው፤ «ላ ጋር» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ትርጓሜውም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤታችን የሚገኝበት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኞች ከእንጦጦ ግርጌ ቦታ ስለ ሰጧቸው ሰፈሩ በእነርሱ መቀመጫ ስም ተጠራ። ባቡሩ ለገሃር ደረሰ፤ ወደ ለጋሲዮን ግን አልወጣም።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ መምህራንና ጓደኞቻችን፤ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፥ ከመካከላችን አንዱ «ባቡር ለምን ወደ እኛ ሰፈር አይመጣም?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን በዚያው ዕለት ጠዋት ከእኛ የሚበዙት በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አምልጧቸው ነበርና ሳቁ ብዙ አልቆየም። ጥያቄውን ስንከታተለው ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ ይኸውም የባቡርን መንገድ በእውነት የሚቀይሰው ማን ነው? መሐንዲሱ ነውን ወይስ ገንዘቡን የሚከፍለው? ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የተቀበለው የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሆን፥ ሌዎን ሼፍኖ የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴም የሥራው ተባባሪ ነበር። ውሉ ለ99 ዓመት የሚጸና ሆኖ መንገዱን በሦስት ክፍል መድቦት ነበር፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። እንጦጦ በውሉ ላይ በስሙ ተጽፎ ነበርና የጓደኛችን ጥያቄ እንደ መሰለን የሚያስቅ አልነበረም። ከጠየቀ በኋላ ይቅርታ ጠይቀነዋል።

ፈቃድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ማግኘት ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት ለዚህን ያህል ሥራ የሚበቃ ገንዘብ በግምጃ ቤቱ አልነበረውም። ስለዚህ በፓሪስ ኩባንያ ተቋቋመና አክሲዮንና የብድር ወረቀት ለባለሀብቶች መሸጥ ጀመረ። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። በረሃው ውሃ የሌለበት፥ ሸለቆው ብዙ ድልድይ የሚጠይቅ ነበር፤ መንገዱ በአገሩ የሚያልፍባቸው የኢሳ ሰዎችም በሠራተኞቹ ላይ አደጋ ይጥሉ ነበር። የኩባንያው ገንዘብ ቶሎ አለቀ።

ገንዘብ ባለቀበት ቦታ ሌላ ባለገንዘብ ይገባል። በመጀመሪያ የእንግሊዝ ባለሀብቶች የኩባንያውን ድርሻ መግዛት ጀመሩ። የፈረንሳይ መንግሥት ይህን ባየ ጊዜ መንገዱ ከእጁ እንዳይወጣ ስለ ሠጋ፥ በ1894 ዓ.ም. ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊከፍል ተዋዋለ። ይህ ሲታይ እርዳታ ይመስላል። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለአንድ የንግድ ኩባንያ እንጂ ለአንድ የውጭ መንግሥት አልነበረም። እርሳቸው ሳይጠየቁ በአገራቸው የሚያልፈው መንገድ ወደ ሌላ መንግሥት እጅ መግባቱን ሲረዱ እጅግ ተቈጡ። የእኛ አስተያየት ቢጠየቅ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገንዘብ የመንገድ ባለቤት እንደሚሆን አስቀድመው ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው።

በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር በውሉ ላይ የመጀመሪያዋ መድረሻ ሳለች ባቡሩ ወደ እርስዋ አልወጣም፤ በተራራው ሥር፥ በሜዳው ላይ ቆመና በዚያ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ። ምክንያቱን የፊዚክስ መምህራችን ሲያስረዱን፥ የባቡር መንኰራኵርም ሐዲዱም ብረት ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን የመያዝ ኃይሉ ጥቂት ነው አሉን። በቀላሉ መንሸራተቱ በሜዳ ላይ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በጥቂት ኃይል ብዙ ጭነት ይጐትታል። በዳገት ላይ ግን ይኸው ጥቅም ጕዳት ይሆናል። ባቡሩ እንዲወጣ ካስፈለገ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይረዝማል፥ ተራራው ይቈረጣል፥ ድልድይ ይበዛል፤ ይህም ሁሉ ገንዘብ ነው። ሐረር ያጣችው በተራራዋና በገንዘብ እጥረት ምክንያት ነው። የእንጦጦም ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

ከድሬዳዋ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ጣልያን ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ የባቡሩም ጉዳይ በውላቸው ውስጥ ገባ፤ የአገሩ ባለቤት ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። የፊተኛው ኩባንያም ከሰረ። በጥር 1900 ዓ.ም. የፈረንሳይ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በዚያው ወር ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገድ አዲስ ፈቃድ ተሰጠበት። ፈቃዱ የተሰጠው ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን ነበር፤ ይህ ሰው የጓድሉፕ ደሴት ተወላጅ ነው። ገንዘቡን ግን ያንቀሳቀሰው የፈረንሳይ ባንክ ነበርና የኢንዶቺን ባንክ ይባል ነበር። በዚህ ዓይነት በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ በሙሉ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ፈጥነን እናልፋለን። በጣልያን ወረራ ዘመን ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን ባቡር መጣ፤ ስሙን ዛሬም ከአያቶቻችን አፍ እንሰማዋለን። በኅዳር 1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ባደረጉት ስምምነት የኩባንያው እኩሌታ የኢትዮጵያ ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ስለዚህ ባቡሩ በመጨረሻ የእኛም ሆነ ማለት ይቻላል። የእኛ ሲሆን ግን የጭነት መኪና ዘመን ደርሶ ነበር። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ። ሐዲዱ አረጀ፥ ሎኮሞቲቮቹ አረጁ። ለጥገና ከአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቢመጣም ሥራው አልተፈጸመም፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ የሚነሣው የቀድሞው ባቡር ቆመ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። በዚህ ሁሉ ታሪክ መንገዱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ፥ ቢዘገይም፥ ተገኝቷል። የጠፋው ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ከተሠራ በኋላ በየዓመቱ የሚያስፈልገው የመጠገኛ ገንዘብ ነው። መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ብሎን ሲቀየር ግን ሪባን የሚቈርጥ የለም።

በኅዳር 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ከሥራዎቹም አንዱ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ይህም እንደ ቀድሞው ባቡር ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር የሚያወርድ ሳይሆን፥ ሠራተኛውንና ተማሪውን ጠዋት የሚወስድ ማታ የሚመልስ በመሆኑ ለእኛ የቀረበ ነው። የሥራው ዋጋ 475 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሒሳቡን በክፍላችን ብናደርገው ብድሩ ወደ 404 ሚሊዮን፥ የአገራችን ድርሻ ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ሥራውን የሠራውም የቻይና የምድር ባቡር ኩባንያ ነው፤ ባቡሮቹም የተሠሩት በቻይና በቻንግቹን ከተማ ነው። አበዳሪው፥ ሠሪውና ሻጩ የአንድ አገር ሰዎች መሆናቸው ለዚህ ዓይነት ብድር የተለመደ ነው። በ1900 ዓ.ም. የነበረውም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው መስመር በመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ደግሞ በጥቅምት ማለቂያ ተከተለ። ሁለቱ በአንድነት 34 ኪሎ ሜትር ያህልና 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ ለገሃርም እንደገና የባቡር መቆሚያ ሆነ። ለዚህ የመጡት ባቡሮች 41 ነበሩ፤ የመሳፈሪያውም ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፥ 4 እና 6 ብር ሆነ። ለሠራተኛ፥ ለጉሊት ነጋዴና ለተማሪ የሚመች ዋጋ ነበር፤ ሰዉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞላው።

ችግሩ ይህ ነው። ተሳፋሪው የሚከፍለው በብር ነው፤ ብድሩ የሚመለሰው ግን በውጭ አገር ገንዘብ ነው። መንኰራኵርና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበላሽ መለዋወጫው የሚገዛውም በውጭ አገር ገንዘብ ነው። መስመሩ በተከፈተ ጊዜ 1 ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን 1 ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ትኬቱን በብር የሚሸጥ ድርጅት በዶላር የሚሸጥ ብሎን እንዴት ይገዛል? ከዚያም አስቀድሞ ቢሆን መለዋወጫ እየጠፋ ከ41ዱ ባቡሮች የሚበልጡት ከሥራ ውጭ ሆነው ነበር። የቆመውን ባቡር ሌላውን ለመጠገን እየፈቱ መውሰድ ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን አንዱን ለማዳን ሌላውን መቅበር ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያዩ «መጀመሪያውኑ ባይሠራ ይሻል ነበር» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ትኬቱ ቢወደድ ደግሞ የተሠራለት ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ባቡሩም ባዶውን ይመላለሳል። በብዙ የዓለም ከተሞችም የከተማ ባቡር በትኬቱ ገቢ ብቻ አይኖርም፤ ከግብር የሚደጐም ነው። ጥፋቱ ርካሽ መሆኑ ሳይሆን፥ ርካሽ እንዲሆን በየዓመቱ የሚሞላው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከብድሩ ውል ጋር አብሮ አለመጻፉ ይመስለናል። ወደ ጅቡቲ በሚሄደው በአዲሱ ባቡርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፥ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከአበዳሪው ጋር ስምምነት ተደረሰ። የተራዘመውን ዕዳ የሚከፍለው እንግዲህ የእኛ ዕድሜ ትውልድ ነው። በውሉ ጊዜ ገና አንደኛ ደረጃ ስለ ነበርን አልተጠየቅንም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚነሣ ሰው ባቡር ለመያዝ ቢፈልግ በቀበና በኩል ወደ አራት ኪሎ፥ ከዚያም ወደ ፒያሳ ወርዶ ምኒልክ አደባባይ መድረስ አለበት። ከዚያ የሚነሣው መስመር በቀጥታ ወደ ስታዲየም አይወርድም፤ በአትክልት ተራ፥ በአውቶቡስ ተራና በአብነት ዞሮ ወደ ልደታ ይገባል። ይህ ለመርካቶ ነጋዴ የታሰበ ነውና አንቃወመውም፤ ከእኛ ይልቅ እርሱ ይበዛል። ለእኛ ግን ሁለት ጊዜ ታክሲ ይዞ ባቡር መያዝ ማለት ነው፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከጉራራ የሚወርዱት ልጆች እስከ ታክሲው ድረስ ያለውን ጭቃ በእግራቸው ነው የሚጨርሱት።

ስለዚህ ሐዲድ ወደ እንጦጦ ግርጌ ይውጣልን ብለን አንጠይቅም። የሐረርን ታሪክ ያነበበ ሰው ዳገቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል። እንደ ሐሳባችን ቢሆን፥ ሰዓቱን ከባቡሩ ሰዓት ጋር ያስማማ አውቶቡስ ከዚህ እስከ ምኒልክ አደባባይ ቢመደብ፥ በአንድ ትኬትም ሁለቱን መሳፈር ቢቻል ከአዲስ ሐዲድ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ይሆናል። ነገር ግን አውቶቡሱ የሚጠቅመው ታች የሚጠብቀው ባቡር ሲኖር ነው። በመጋዘን የቆሙት ባቡሮች መጠገን፥ ዳገት ላይ ላለነውም ጉዳያችን የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመምህራችን ባሳየናቸው ጊዜ «ስንት ሰው ነው ከዚህ ሰፈር ጠዋት የሚወርደው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። የታሪክ ክበብና የሒሳብ ክበብ አባላት ተስማምተን፥ ከፋሲካ ዕረፍት መልስ ለአምስት ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በታክሲ ማዞሪያው በተራ እየቆምን ልንቈጥር ደብተር አዘጋጅተናል። ሰልፉ ውስጥ ቆሞ የሚቈጥር እንዳይጠፋ፥ ቈጣሪዎቹ የሚመረጡት ትምህርት ቤቱ አጠገብ ከሚኖሩት ተማሪዎች ነው።