የአሸርማን ሕመም

የአሸርማን ሕመም የማሕፀን የውስጥ ግድግዳዎች በጠባሳ ምክንያት በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ እርስ በርስ የሚጣበቁበት ችግር ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ፍሪትሽ በ1894 እ.ኤ.አ. አስቀድሞ ቢገልጸውም፣ ስያሜው የጸናው በ1948 ዝርዝር ጽሑፍ ባሳተመው በእስራኤላዊው የማሕፀን ሐኪም በጆሴፍ አሸርማን ስም ነው።

የማሕፀን ሽፋን ሁለት ንጣፍ አለው። የላይኛው በየወሩ ከደም ጋር ይወርዳል፤ ሥረኛው አዲሱን ያበቅላል። ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ የቀረ የእንግዴ ልጅ በብረት ሲጠረግ ሥረኛው ንጣፍ አብሮ ከተፋቀ፣ የቆሰሉት ግድግዳዎች ሲድኑ ይያያዛሉ። በተለይ የአራስ ማሕፀን ለስላሳ በመሆኑ በቀላሉ ይጎዳል። ቲቢ በተስፋፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የመራቢያ አካላት ቲቢም ሌላው መንስኤ ነው፤ እሱ የሚተወው ጠባሳ ለሕክምና እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በሕመሙ ምክንያት የወር አበባ ይቀንሳል ወይም ጭራሹን ይቀራል። እንቁልጢዎች ሥራቸውን ስለማያቆሙ የሆርሞን ምርመራው ጤናማ ሆኖ ይወጣል፤ ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የማሕፀን በር ከተደፈነ ደሙ ሳይፈስ ሕመሙ ብቻ በየወሩ ይመላለሳል። መካንነት፣ ተደጋጋሚ ውርጃ፣ ከተፀነሰም በኋላ የእንግዴ ልጅ ከማሕፀን ጡንቻ ጋር መጣበቅ ይከተላሉ።

ተራ አልትራሳውንድ ሊስተው ይችላል፤ የሚታመነው በሂስትሮስኮፕ፣ ማለትም በማሕፀን በር በሚገባ ቀጭን የካሜራ መሣሪያ፣ ወደ ውስጥ ማየት ነው። ጠባሳው በዚያው መሣሪያ ይቆረጣል፤ ዳግም እንዳይጣበቅ ፊኛ ወይም ሉፕ ይቀመጣል፣ ኤስትሮጅንም ይታዘዛል። ያም ሆኖ በከባዱ ደረጃ ተመልሶ መጣበቁ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ ማሕፀንን በስለታም ብረት ከመጥረግ ይልቅ በመምጠጫ መሣሪያ ወይም ሚሶፕሮስቶል በተባለው መድኃኒት ማጽዳት ይመረጣል።