«ናዋብ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ናዋብ» በሕንድ ክፍለ አህጉር ብዙ ሙስሊም ገዢዎች ይጠሩበት የነበረ ማዕረግ ነው። የሂንዱ ገዢዎች በአብዛኛው «ራጃ» ወይም «ማሃራጃ» ይባሉ ነበር።

የቃሉ ሥር ዐረብኛ ነው። «ናኢብ» ምክትል ማለት ሲሆን ብዙ ቁጥሩ «ኑዋብ» ነው። እኛ አንድን ትልቅ ሰው «መጡ» እንደምንለው ሁሉ፣ ብዙ ቁጥሩ ለአክብሮት ለአንድ ሰው ዋለ።

በሙጋሎች ዘመን ናዋብ በንጉሠ ነገሥቱ ስም አንድን ክፍለ ሀገር የሚያስተዳድር ሹም ነበር። አውራንግዜብ እ.ኤ.አ. በ1707 ከሞተ በኋላ ማዕከሉ ሲዳከም፣ የቤንጋልና የአዋድ ናዋቦች ሹመቱን ለቤተሰቦቻቸው ያወርሱ ጀመር። በምጽዋ አካባቢ የኦቶማን ተወካይ የነበረው «ናኢብ» ሹመትም እንዲሁ በዘር የሚወረስ ሆኗል።

ማዕረጉ የወንዶች ብቻ አልነበረም፤ ቦፓልን ከ1819 እስከ 1926 ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ሴቶች መርተዋል።

ሕንድ በ1971 ለመሳፍንቱ ትሰጠው የነበረውን ሕጋዊ እውቅና አነሳች። የቃሉ ትርጉም ግን ዛሬም ያስተምራል፦ ሹም የሥልጣን ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም።