ተሰዉፍ ከማን ተቀዳ?

ሰሞኑን ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ወንድሞች ተሰዉፍ ከመነኮሳት ተቀድቷል፣ አልተቀዳም ሲባባሉ ሰማን። ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ተለያዩ።

በ1237 እ.ኤ.አ. ያረፈው የግብፅ አይሁዶች መሪ አብርሃም፣ የሙሳ ኢብን መይሙን ልጅ፣ የጥንት ነቢያት መንገድ በሙስሊም ሱፊዮች ዘንድ ተጠብቋል ብሎ በዐረብኛ ጽፏል። በምኩራቡም ሱጁድን አስገባ። የገዛ ወገኖቹ ታዲያ አዲስ ነገር አመጣብን ብለው ሱልጣኑ ዘንድ ከሰሱት። (ቢድዐ መባባል የኛ ብቻ መስሎን ነበር!)

ገዳሞቻችን የሚያነቡት ማር ይስሐቅም በ7ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቀጠር አካባቢ የተወለደ ሰው ድርሰት ነው፤ ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዐረብኛ ነው። የወሎው ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥን ያቀኑት ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ ነው።

መመሳሰል መቀዳት አይደለም፤ የኛ ኸልዋ መነሻው የሒራእ ዋሻ ነው። ጥያቄ ያለው ከዐስር ሶላት በኋላ ይምጣ፣ ሁለቱ ወንድሞችም ጭምር። ወላሁ አዕለም።