ግመልና መርፌ

«ክትባት» የሚለው ቃል ከ«ከተበ» የመጣ ነው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ የክታብም የቅርብ ዘመድ ነው። ለብዙኃኑ ጤና ተብሎ የተከተበው መርፌ አልፎ አልፎ አንዱን ቢጎዳ፣ ዕዳው የማን ነው?

ከጅጅጋ እስከ አውበሬና ቶጎ ውጫሌ ባለው አገር የጉዳት ዕዳ የሚዳኝበት ጥንታዊ ሥርዐት አለ። ሶማሌዎች ሔር ይሉታል። ሰው ሲሞት ወይም ሲጎዳ ማግ የተባለውን ካሳ የሚከፍለው አጥፊው ብቻውን አይደለም፤ አብረው ለመክፈልና አብረው ለመቀበል ቃል የተጋቡ ዘመዳሞች ሁሉ ያዋጣሉ። የወንድ ደም 100 ግመል፣ የሴት 50 ነው። አካሉ ለጎደለም እንደ ጉዳቱ ክብደት ይሰፈርለታል። ሳይታሰብ የደረሰ ጉዳትም ቢሆን ካሳው አይቀርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 የሸፈናቸውን ጉዳዮች የሚመለከቱ ልማዳዊ ደንቦችን ሁሉ ሻረ። ግመሉ ግን አልሰማም። አዲሱ ሕግ በመሠረቱ ጥፋትን ይፈልጋል። አንቀጽ 2085 ያለ ጥፋትም አምራቹን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ይሁንና አምራቹ ባሕር ማዶ ነው፤ ጉዳቱን ያመጣው መርፌው መሆኑን ማስረዳት አለ፤ አንቀጽ 2143 ደግሞ ለክሱ የሁለት ዓመት ጊዜ ብቻ ይሰጣል።

ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም.፣ በኤል ከሬ በረሃ በዲሞ መንደር ነው። ያን ደዌ ከምድር ያጠፋው ክትባት ራሱ መጀመሪያ ከሚከተቡ ሚሊዮን ሰዎች አንድ ወይም ሁለቱን ይገድል ነበር። ምዕራብ ጀርመን በ1961 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ጥቂቶች ጥፋተኛ ሳይፈልጉ ካሳ የሚከፍሉበትን ሕግ አወጡ። አሜሪካ ገንዘቡን ከእያንዳንዱ የክትባት መጠን፣ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም በመሰብሰብ ታዋጣለች። ጉዳቱ ለሁሉ ሲባል የደረሰ ነውና ሁሉም ይክፈል የሚለው ይህ ሐሳብ ለአንድ የጅጅጋ ሽማግሌ ምን አዲስ ነገር አለው?

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ክትባት በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት ኮቫክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች ያለ ጥፋት የሚከፈል የካሳ ሥርዐት አቋቋመ። አመልካቹ ቅጽ ይሞላል፤ የተመዘገበ ሐኪም ማስረጃ ያያይዛል፤ ገንዘቡን ከተቀበለ ዳግመኛ አይከስም። ስሌቱ የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ በ12፣ ከዚያም በጉዳቱ ክብደት መለኪያ ተባዝቶ ነው። ሔር በወንድና በሴት መካከል ያደረገውን ልዩነት፣ አዲሱ ሚዛን በድኻና በሀብታም አገር መካከል አደረገው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳፍር ለመወሰን እቸገራለሁ። ሔር ግን ቢያንስ ከፋይና ተቀባይን ፊት ለፊት ያስቀምጣል፤ ሽማግሌው ይታያል፣ ይወቀሳል፣ ይለመናል። ቅጹን ማን ይለምነዋል?

በ2019 እ.ኤ.አ. በዚሁ ክልል በዶሎ ዞን፣ ከአፍ ከሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት የመነጨ ቫይረስ ተገኘ። እንዲህ ያለው ቫይረስ የሚስፋፋው የተከተቡት ሕፃናት ጥቂት በሆኑበት ስፍራ ነው፤ የሚያሽመደምደውም በአብዛኛው በቂ ክትባት ያላገኘውን ልጅ ነው። የኮቫክስ ቅጽ ለኮቪድ ብቻ የተዘጋጀ ነበርና ለእርሱ የሚሆን መስመር አልነበረውም።